ቀድሞ የበራ መብራት የሸፈነው ብልሽት፦ የአንድ የስልክ ማዕከል የአላርም ጉዳይ ጥናት

ሰኞ ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ አንድ ዓይነት አቤቱታ ይደጋገም ጀመር። ከውጭ የሚደውሉ ሰዎች መስመሩ ተይዟል እየተባሉ ይመለሳሉ። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚደውሉት አንዳንዴ ይሳካላቸዋል፣ አንዳንዴ ቶሎ ቶሎ የሚል የመጨናነቅ ድምፅ ይሰማሉ። የሂሳብ ክፍሉ ፋክስ አንድ ገጽ ይልካል፤ ሦስትና አራት ገጽ ሲሆን ግን መሃል ላይ ይቋረጣል። በኦፕሬተሯ ጠረጴዛ ላይ ያለው የአላርም መብራት ቢጫ በርቷል፤ ይሁን እንጂ ከበራ 3 ወር ስላለፈው ትኩር ብሎ የሚያየው አልነበረም። እንዲያውም ብርሃኑ ስላስቸገረ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል።

የብልሽቱ መነሻ አንዲት ቀጭን ሽቦ ነበረች። ሽቦዋን ለማግኘት ሁለት ቀን የፈጀው ግን መብራቶቹ በተሳሳተ መንገድ ስለተነበቡ ነው። ስለዚህ ከጥገናው ይልቅ ንባቡ ላይ እናተኩራለን።

መሣሪያው

ማዕከሉ 420 የውስጥ መስመሮች ያሉት፣ በሁለት ካቢኔ የተቀመጠ ፒቢኤክስ (የአንድ ድርጅት የስልክ ማዞሪያ) ነው። ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኙት ኢዋን (E1) የሚባሉ ሁለት ዲጂታል መስመሮች ናቸው። አንድ ኢዋን በሰከንድ 2.048 ሜጋቢት ይሸከማል። ይህ በ32 ታይምስሎት (የጊዜ ክፍል) ይከፈላል፤ የ32ቱ አንድ ዙር ፍሬም ይባላል። ዜሮኛው ለፍሬም ማመሳሰያ፣ 16ኛው ለሲግናሊንግ (ጥሪ ለመክፈትና ለመዝጋት)፣ የቀሩት 30 ለንግግር። በሁለቱ መስመሮች በአንድ ጊዜ 60 ሰው ከውጭ ጋር መነጋገር ይችላል ማለት ነው። መስመሮቹ የሚነሡት እዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የአገልግሎት ሰጪው የኦፕቲካል ሣጥን ነው። ኬብሉ ከሣጥኑ 11 ሜትር ያህል ሄዶ የክሮን ብሎክ (ሽቦዎች በብረት ከንፈሮች መካከል ተመትተው የሚገናኙበት ሰሌዳ) ላይ ያርፋል፤ ከብሎኩ ሌላ 7 ሜትር ተጉዞ በካቢኔው ውስጥ ባሉት የመስመር ካርዶች ላይ ይሰካል። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ጥማድ (ሁለት ሁለት ሆኖ የተጠማዘዘ) ሽቦ አለው፤ አንዱ ለመላክ፣ አንዱ ለመቀበል።

ኃይሉ 48 ቮልት ዲሲ ነው። ሁለት የሬክቲፋየር (የመስመሩን ኃይል ወደ ዲሲ የሚቀይር) ሞጁሎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 15 አምፔር። ከጎናቸው አራት ባለ12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘዋል። የማዕከሉ ፍጆታ 11 አምፔር ገደማ ስለሆነ ለዕለት ሥራ አንድ ሞጁል ይበቃል፤ ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው።

አንድ ቀለም፣ አራት ትርጉም

በዚህ ክፍል ውስጥ ብቻ መብራት ያለባቸው አራት ዓይነት ቦታዎች አሉ፤ ቀለማቸው አንድ ሆኖ ትርጉማቸው ይለያያል። በካቢኔው የላይኛው ፓነል ላይ ቀይ ሜጀር (ከባድ)፣ ቢጫ ማይነር (ቀላል) ማለት ነው። በካርዶቹ ፊት ላይ ያሉት ሦስት ትንንሽ ኤልኢዲዎች ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ፦ ቀይ ከዚህ ካርድ ጋር የተያያዘ አላርም አለ፣ አረንጓዴ ካርዱ ፍተሻ ላይ ነው፣ ቢጫ ካርዱ ሥራ ላይ ነው። በቢጫ የበራ የመስመር ካርድ በዚያች ቅጽበት ሰው እያነጋገረ ያለ ጤነኛ ካርድ ነው። በኦፕቲካል ሣጥኑ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ጤና ነው፣ ቀይ የሲግናል መጥፋት። በሬክቲፋየሩ ላይ ቢጫ የበራበት ሞጁል ራሱን ገድቧል ወይም ቆሟል።

በዚህ ላይ የኢዋን የራሱ አላርሞች በቀለም ስም ይጠራሉ፤ ትልቁ መደናገር የሚመጣውም ከዚህ ነው። ቀይ አላርም የሚባለው ከማዶ የሚመጣው ሲግናል ሲጠፋ ወይም ፍሬሙ ሊገኝ ሳይችል ሲቀር ነው። ቢጫ አላርም ማዶ ያለው መሣሪያ «አንተን መስማት አልቻልኩም» ብሎ የሚልከው መልእክት ነው፤ በኢዋን ላይ ይህ መልእክት በዜሮኛው ታይምስሎት፣ የማመሳሰያ ቃሉ በሌለበት ተለዋጭ ፍሬም ሦስተኛ ቢት ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ሰማያዊ አላርም ደግሞ መሃል ላይ ያለ መሣሪያ የሚያስተላልፈው ሲግናል ሲጠፋበት በምትኩ ያለማቋረጥ አንድ አንድ አንድ እያለ የሚልከው ቢት ነው። እነዚህ ቀለሞች አቅጣጫን እንጂ የክብደት ደረጃን አይናገሩም። ቢጫ አላርም ያለበት ኢዋን ቀይ እንዳለበት ኢዋን ሁሉ ጥሪ አያሳልፍም። «ቢጫ ስለሆነ ቀለል ያለ ነው» የሚለው ግምት የካቢኔውን ፓነል ቋንቋ ወደ መስመሩ መውሰድ ነው።

ደረጃ የሚለካው ምንድን ነው

የአላርም ክብደት ደረጃዎች ዓለም አቀፍ መነሻ አላቸው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1992 ባወጣው የኤክስ.733 ምክረ ሐሳብ ክሪቲካል፣ ሜጀር፣ ማይነር፣ ዋርኒንግ፣ ያልተወሰነ እና የጠራ የሚሉ ስድስት ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል። ፒቢኤክሶች አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ ሦስቱን ይጠቀማሉ። ሜጀር የአገልግሎቱ ዋና ክፍል ቆሟልና አሁኑኑ ይደረስለት ማለት ነው። ማይነር ከፊሉ ተጎድቷል፣ የቀረው ይሠራል። ዋርኒንግ መዝገብ ላይ ይሰፍራል እንጂ በዚህ ማዕከል ምንም መብራት አያበራም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ደረጃውን የሚሰጠው ማዕከሉ ነው፤ ማዕከሉ ደግሞ የሚያውቀው ስለ ራሱ አካላት ነው። ብዙ ፒቢኤክሶች የራሳቸው ካርድ ሲበላሽ ደረጃውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ችግሩ ከካርዱ ውጭ፣ ማለትም በኬብል ወይም በአገልግሎት ሰጪው በኩል ነው ብለው ሲያምኑ ግን ዝቅ ያደርጉታል። ለአምራቹ ትክክል ነው፤ ባለሙያ መጥቶ ካርድ የሚቀይርበት ጉዳይ አይደለምና። ስልኩን ለሚጠቀመው ሰው ግን 30 መስመር ጠፍቶበት «ማይነር» መባሉ ምንም አይረዳውም። በዚህ ማዕከል ቅንብር (አሞላል) ላይ የአንድ ኢዋን ሙሉ በሙሉ መጥፋት ማይነር ተብሎ ነበር የተሞላው፤ ሜጀር የሚሆነው ሁለቱም ሲጠፉ ነው።

ምን ሆነ፣ በምን ቅደም ተከተል

ቅደም ተከተሉ ሊታወቅ የቻለው የማዕከሉ የተከታታይ (ሲሪያል) ወደብ ላይ የተሰካ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር እያንዳንዱን የአላርም መስመር ይመዘግብ ስለነበር ነው። የማዕከሉ የራሱ መዝገብ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ጠፍቷል። የማዕከሉ ሰዓት 7 ደቂቃ ወደ ፊት ቀድሞ ስለነበር ከአገልግሎት ሰጪው መዝገብ ጋር ሲነጻጸር ይህን ማስተካከል አስፈልጓል። ሳያስተካክሉ ቢያነጻጽሩት የእኛ ቀይ ከእነሱ ቢጫ በኋላ የመጣ ይመስላል፤ ምክንያትና ውጤት ይገለባበጣሉ።

ከ3 ወር በፊት ከሬክቲፋየሮቹ አንዱ ቆመ። ሞጁሉ የማስጠንቀቂያ ኮንታክቱን ዘጋ፣ ማዕከሉ ማይነር አነሣ፣ የኦፕሬተሯ መብራት በራ። መለዋወጫ ታዘዘ፤ በጉዳዩ ላይ ሌላ የተሠራ የለም።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በክሮን ብሎኩ ላይ ለአዳዲስ ቢሮዎች ጥማድ ሽቦዎች ተጨመሩ። ሥራው በተሠራ በሰዓታት ውስጥ በአንደኛው ኢዋን ላይ የቢት ስህተት ዋርኒንግ መታየት ጀመረ፤ ይመጣል፣ ይጠራል፣ ተመልሶ ይመጣል። ዋርኒንግ መብራት ስለማያበራ ማንም አላየውም።

እሑድ ሌሊት አንደኛው ኢዋን ሲግናል ጨርሶ አጣ። ማዕከሉ ማይነር አነሣ፤ ነገር ግን የማይነሩ መብራት ቀድሞ በርቶ ስለነበር በኦፕሬተሯ ጠረጴዛም ሆነ በካቢኔው ፓነል ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። እነዚህ መብራቶች የሚያሳዩት ካሉት አላርሞች የከፍተኛውን ደረጃ ብቻ ነው እንጂ ስንት እንደሆኑ አይቆጥሩም። አንድ ማይነርም አሥር ማይነርም በርተው ሲታዩ አንድ ናቸው።

በዚያው ቅጽበት ሌላ ነገርም ሆነ፣ ያለ አንዳች መብራት። ማዕከሉ የጊዜ መለኪያ ክሎኩን የሚወስደው ከአንደኛው ኢዋን ነበር። ያ ሲጠፋ ወደ ሁለተኛው መሻገር ነበረበት፤ በአሞላሉ ላይ የሁለተኛ ምንጭ መሙያ ቦታው ግን ማዕከሉ ሲተከል ባዶ ቀርቷል። ስለዚህ ማዕከሉ በራሱ ውስጣዊ ኦሲሌተር (ምት ሰጪ) መሮጥ ጀመረ። የእሱ ክሎክና የአገልግሎት ሰጪው ክሎክ በጥቂቱ ስለሚለያዩ በሁለተኛው ኢዋን ላይ ስሊፕ መቆጠር ጀመረ፦ በ15 ደቂቃ 12፣ ማለትም በየ75 ሰከንዱ አንድ። አንድ ስሊፕ የአንድ ፍሬም፣ የ125 ማይክሮ ሰከንድ መጥፋት ወይም መደገም ነው። 125ን ለ75 ስናካፍል የክሎኮቹ ልዩነት ከሚሊዮን 1.67 ያህል መሆኑ ይወጣል፤ በራሱ ለሚሮጥ የፒቢኤክስ ኦሲሌተር ይህ እንዲያውም ጥሩ ነው።

ለንግግር ይህ ምንም አይደለም። በእያንዳንዱ ቻናል የሚጠፋው አንድ የድምፅ ናሙና ነው፤ ጆሮ አይለየውም። ለፋክስ ግን ሌላ ነው፤ የፋክሱ ሞደም ናሙና ሲዘልበት ይስታል። አንድ ገጽ ለመላክ አንድ ደቂቃ ገደማ ከፈጀ በየ75 ሰከንዱ በሚመጣ ስሊፕ መካከል አንድ ገጽ ሊያመልጥ ይችላል፣ አራት ገጽ ግን አያመልጥም። የሂሳብ ክፍሉ አቤቱታ በትክክል ይህ ነበር። የዓለም አቀፉ ኅብረት የጂ.822 ምክረ ሐሳብ ጥሩ ነው የሚለው የስሊፕ መጠን በ24 ሰዓት ከ5 የማይበልጥ ነው፤ እዚህ የነበረው በቀን 1152 ነው። ማዕከሉ ለስሊፕ አላርም እንዲያነሣ የተሞላለት ወሰን ደግሞ በ15 ደቂቃ 88 ስለነበር ዝም አለ። ሁለተኛው ካርድ ቢጫውን አብርቶ ሥራውን ይሠራል፣ ቀይ የለም፣ ፋክስ ግን እየሞተ ነው።

ጥሪዎቹስ ለምን እሑድና ሰኞ ማለዳ ደህና ሆነው 3 ሰዓት ላይ መጨናነቅ ጀመሩ? ጥሪ በሚበዛበት ሰዓት የዚህ ማዕከል የውጭ ትራፊክ 28 ኤርላንግ ገደማ ነው፤ በአማካይ 28 ንግግር በአንድ ጊዜ ማለት ነው። በ60 ቻናል ላይ ይህ ምንም አይከለክልም። በ30 ቻናል ላይ ግን በኤርላንግ ቢ (ስንት ጥሪ መስመር አጥቶ እንደሚመለስ በሚያሰላ ቀመር) ስሌት ከ10 ጥሪ አንዱ ይመለሳል። በምሳ ሰዓት ትራፊኩ ወደ 12 ኤርላንግ ሲወርድ የሚመለስ ጥሪ የለም ማለት ይቻላል። «ይሄዳል ይመጣል» የተባለው ብልሽት አልነበረም የሚሄድ የሚመጣው፣ ሰው እንጂ።

ሁለቱ የተሳሳቱ እርምጃዎች

ሰኞ 4 ሰዓት ተኩል ላይ በስልክ ለጥገና ክፍሉ የተነገረው «አንዱ ካርድ ቀይ፣ ሌላው ቢጫ በርቷል» የሚል ነበር። ሰሚው ቢጫውን አላርም አድርጎ ወሰደው። ሁለት ካርድ በአንድ ጊዜ አይበላሽምና ችግሩ የጋራ ነው፣ ካቢኔው ጠፍቶ ይነሣ ተባለ። ድምዳሜው በራሱ ጤናማ ነው፤ መነሻው ነው የተሳሳተው። ካቢኔው ጠፍቶ እስኪነሣ 420ውም ስልኮች 11 ደቂቃ ዝም አሉ፣ በመነጋገር ላይ የነበሩ ሁሉ ተቆረጡ፣ በማዕከሉ ማህደረ ትውስታ ውስጥ የነበረው የአላርም መዝገብና የስሊፕ ቆጠራ ተሰረዘ። ማዕከሉ ሲነሣ መብራቶቹ ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ጠፍተው ስለነበር የተስተካከለ መሰለ። ከዚያ ፍተሻው ሲደርስ ተመልሰው በሩ። ከዳግም ማስነሣት በኋላ የጠፋ መብራት ስለ ጥገና ምንም አይመሰክርም፤ ማዕከሉ ገና አልፈተሸም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ የአንደኛው ኢዋን ካርድ በመለዋወጫ ተቀየረ። አዲሱም ካርድ ቀይ አበራ። ቀይ የበራበት ካርድ ብልሽቱ የታየበት ቦታ ነው፤ ብልሽቱ ያለበት ቦታ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ሲግናል ያልደረሰው ጤነኛ ካርድ ቀይ ማብራት ግዴታው ነው። ካርድ ከመቀየር በፊት 5 ደቂቃ የማይፈጅ የሉፕ ፍተሻ (ካርዱ የላከውን ወደ ራሱ መልሶ ማየት) ይህን ይለይ ነበር።

ትክክለኛው ፍለጋ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራው ከመጀመሪያው ተጀመረ። ምንም ነገር ሳይነካ የሁሉም መብራቶች ፎቶ ተነሣ፤ በአሮጌው ኮምፒውተር ያለው መዝገብ ተቀዳ። ቀጥሎ መብራቱ ተትቶ የንቁ አላርሞች ዝርዝር በጥገናው ተርሚናል ወጣ። በአንድ ቢጫ መብራት ሥር አራት ነገር ተገኘ፦ የሬክቲፋየሩ ማይነር፣ የአንደኛው ኢዋን የሲግናል መጥፋት ማይነር፣ የዚሁ ኢዋን የሲግናሊንግ ቻናል መውደቅ፣ እና የክሎክ ምንጭ መጥፋት ዋርኒንግ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው አንድ ሰንሰለት መሆናቸው በሰዓታቸው ታወቀ፤ በ3 ሰከንድ ውስጥ ተከታትለው ነው የተመዘገቡት። እንዲህ ሲሆን መመርመር ያለበት መጀመሪያ የተመዘገበው ነው፤ የቀሩት እሱ ሲጠራ አብረው ይጠራሉ።

አገልግሎት ሰጪው ሲጠየቅ «በአንደኛው መስመር ላይ ከእናንተ የሚመጣ ቢጫ አላርም እናያለን፣ ችግሩ በእናንተ መሣሪያ ነው» አለ። የመጀመሪያው ግማሽ ውድ መረጃ ነው፣ ሁለተኛው ግማሽ ስህተት። እነሱ ቢጫውን ማየታቸው የእኛ ላኪ ጥማድ ጤነኛ መሆኑን ያረጋግጣል፤ መልእክቱ የደረሳቸው በዚያ ላይ ነውና። የመልእክቱ ይዘት ደግሞ «አልሰማችሁም» ነው። ስለዚህ የተበላሸው ከእነሱ ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ ነው። እኛ ጋ ሰማያዊ አላርም አለመኖሩም ቦታውን ያጠብበዋል፤ ሲግናሉ የጠፋው ከሣጥኑ በላይ፣ በአገልግሎት ሰጪው መረብ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሣጥኑ በምትኩ ተከታታይ አንዶችን ይልክልን ነበር። የመጣው ምንም ነው። እንግዲህ የሚቀረው የሣጥኑ መውጫ፣ 18 ሜትሩ ኬብልና የካርዱ መግቢያ ነው።

ሌሎቹ ጥምረቶችም በዚሁ መንገድ ይነበባሉ። እኛ ጋ ቢጫ፣ እነሱ ጋ ቀይ ከሆነ የእኛ ላኪ መንገድ ነው። በሁለቱም ወገን ቀይ ከሆነ ሁለቱም ጥማዶች፣ ማለትም ኬብሉ ተነቅሏል ወይም ተቆርጧል። ምንም የኢዋን አላርም ሳይኖር የሲግናሊንግ ቻናሉ ብቻ ከወደቀ ሽቦ መንካት ጊዜ ማባከን ነው፤ የአሞላል ጉዳይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም አንዱ ወገን እንደ መረብ ሌላው እንደ ተጠቃሚ መሞላት ሲገባቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይገኛሉ።

ለሉፕ ፍተሻው የተሠራው መሰኪያ ስምንት እግር ያለው ተራ የኔትወርክ ጃክ ራስ ነው፤ 1ኛው እግር ከ4ኛው፣ 2ኛው ከ5ኛው ጋር ይያያዛል። በዚህ ዓይነት ግንኙነት 1 እና 2 መቀበያ፣ 4 እና 5 መላኪያ ስለሆኑ ካርዱ የላከው ወደ ራሱ ይመለሳል። ከመሰካቱ በፊት አንደኛው ኢዋን ከክሎክ ምንጭነት ወጥቷል። ይህ ቢዘለል ማዕከሉ የራሱን ክሎክ ከሉፑ ተቀብሎ ራሱን ይከተላል፤ በሌላው መስመር ያለው ስሊፕም ይብሳል።

የመጀመሪያው ሉፕ ካርዱ ላይ ተሰካ። ከ20 ሰከንድ በኋላ የሲግናል መጥፋቱ ጠራ። የሲግናሊንግ ቻናሉ ግን አልተነሣም፤ መነሣትም የለበትም፤ ካርዱ ከማዶ የሚጠብቀው የራሱን ማሚቶ አይደለምና። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አላርሙ አሁንም አለ፣ ካርዱ ተበላሽቷል» ይላል። መታየት ያለበት የትኛው አላርም እንደጠራ ነው። ካርዱ ደህና ነው፤ ማለዳ የተነቀለውም ካርድ ደህና ነበር።

ሁለተኛው ሉፕ በኬብሉ ማዶ፣ ሣጥኑ ላይ ከተሰካበት ተነቅሎ ተሰካ። ለአገልግሎት ሰጪው አስቀድሞ ተነገረ፤ ኬብሉ ሲነቀል እነሱ ጋ ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣልና። አላርሙ አልጠራም። ስለዚህ ብልሽቱ ከካርዱና ከሣጥኑ መካከል ነው። ሦስተኛው ክሮን ብሎኩ ላይ፣ የሣጥኑን ወገን በማለያያ መሰኪያ ነጥሎ ነበር፤ ከብሎኩ እስከ ካርዱ ጠራ። የቀረው ከብሎኩ ማለያያ ነጥብ ወዲያ ያለው ወገን፣ የ11 ሜትሩ ኬብልና እሱ ያረፈበት ማቆሚያ ነው።

በመጨረሻ ሜትር ወጣ። ኬብሉ ከሣጥኑ ተነቅሎ የእያንዳንዱ ጥማድ ሁለት ሽቦዎች በማዶ ጫፍ ተጋጠሙና ከብሎኩ ተለካ። 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ጥማድ በሄድ መለስ በሜትር 0.18 ኦም ገደማ ስላለው ለ11 ሜትር 2 ኦም መገኘት አለበት። ላኪው ጥማድ 2.1 ኦም አሳየ። ተቀባዩ ሽቦው ሲነካ 40 ኦም፣ ሲለቀቅ ክፍት። ሐሙስ ዕለት አጠገቡ አዲስ ሽቦ ሲጨመር የብሎኩ ከንፈሮች በጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ ተገፍተው ተከፍተዋል፤ ነባሩ ሽቦም ከነፕላስቲኩ ግማሽ መንገድ ተነሥቶ መዳቡ ከንፈሩን በጠርዙ ብቻ ይነካ ነበር። እስከ እሑድ የቢት ስህተት ብቻ የታየው ለዚህ ነው፤ እየነካና እየለቀቀ ሲግናሉን ያዳክመዋል እንጂ ጨርሶ አይቆርጠውም ነበር።

ጥገናው

ሽቦው ወደ ቀድሞው ቦታ አልተመለሰም። አንዴ በብሎን መፍቻ የተከፈተ ከንፈር ሽቦ አጥብቆ አይይዝም። ጥማዱ በዚያው ብሎክ ላይ ወዳለ ነፃ ቦታ ተዛውሮ ጫፉ ታድሶ ተቆረጠ፤ በክሮን መምቻ መሣሪያ አንዴ በአንድ ምት ተመታ። ጥምዝምዙ የተፈታው ርዝመት ከ6 ሴንቲሜትር ወደ 1 ሴንቲሜትር ተመለሰ። ሁለቱም ጥማዶች እንደገና ሲለኩ 2.1 ኦም። ኬብሉ ሣጥኑ ላይ ሲመለስ የሲግናል መጥፋቱ ወዲያው ጠራ፣ አገልግሎት ሰጪውም ቢጫው መጥፋቱን አረጋገጠ። የካርዱ ቀይ መብራት ማዕከሉ ፍተሻውን እስኪጨርስ 4 ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ትዕግሥት ያጣ ሰው ካርዱን ነቅሎ ይሰካና ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

አንደኛው ኢዋን ቀዳሚ፣ ሁለተኛው ተከታይ የክሎክ ምንጭ ሆነው ተሞሉ። አሞላሉ በትክክል መሥራቱን ለማየት ከሥራ ሰዓት ውጭ አንደኛው ሆን ተብሎ ተነቀለ፤ ማዕከሉ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ፣ ስሊፕ አልተቆጠረም። ያልተሞከረ ተከታይ ምንጭ ባዶ እንደቀረ መሙያ ቦታ ነው ብሎ መያዝ ይሻላል።

የቆመው ሬክቲፋየር ሲከፈት ማራገቢያው በአቧራ ታንቆ ሞጁሉ በሙቀት ምክንያት ራሱን እንዳጠፋ ታየ። በአንድ ሞጁል ማዕከሉ ይሠራ ነበር፤ ግን ከ15 አምፔር 11ዱ ለማዕከሉ ሲሄድ ለባትሪ የሚተርፈው 4 አምፔር ነው። ባትሪዎቹ በመብራት መቋረጥ ባዶ ቢሆኑ 100 አምፔር ሰዓቱን ለመመለስ ከ25 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚያ መሃል ሁለተኛ መቋረጥ ቢመጣ ማዕከሉ ሙሉ ባልሆነ ባትሪ ይገናኘዋል። «አንድ ይበቃል» የተባለው ለዕለቱ እንጂ ለመጥፎ ሳምንት አይደለም። ሞጁሉ ተቀየረ።

በአሞላሉና በመብራቱ ላይ የተለወጠው

የሬክቲፋየሩ ኮንታክት ከማዕከሉ የጋራ አላርም ተለይቶ በኦፕሬተሯ ጠረጴዛ ላይ ለብቻው ሌላ መብራት ተሰጠው። የአንድ ኢዋን መጥፋት ከማይነር ወደ ሜጀር ከፍ ተደረገ፤ በሥራ ሰዓት ከ10 ጥሪ አንዱን የሚመልስ ብልሽት ሌላ ስም የለውም። ሁሉንም ሜጀር እናድርገው የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ተቀባይነት አላገኘም፤ ያኔ ወረቀቱ የሚለጠፈው ቀዩ መብራት ላይ ይሆናል። የስሊፕ ወሰኑ ከ88 ወደ 4 ወረደ፤ ጤነኛ በሆነና ክሎኩን ከመረቡ በሚወስድ ማዕከል 15 ደቂቃ ውስጥ አንድም ስሊፕ መቆጠር ስለሌለበት 4 ለሐሰተኛ ማንቂያ በቂ ክፍተት ይተዋል። የቢት ስህተት ዋርኒንግ መብራት ባያበራም በ24 ሰዓት ከ3 ጊዜ በላይ ከተደጋገመ ማይነር እንዲሆን ተሞላ፤ ይህ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ብልሽቱ ሐሙስ ማታ ይታወቅ ነበር።

መለዋወጫ የሚጠብቅ አላርም ካለ በዝርዝሩ ላይ እንደታወቀ ምልክት ተደርጎበት ከጋራው መብራት ይወጣል፤ ከካቢኔው በር ውስጥ በኩል በተለጠፈ ወረቀት ላይም ቀኑ፣ ምክንያቱና የሚጠበቀው ዕቃ ይጻፋል። በዚያው ወረቀት ላይ የአራቱ ቦታዎች ቀለሞች ትርጉም በአጭሩ ሰፍሯል፤ በካርዶቹ ላይ ቢጫ ሥራ ላይ ማለት እንደሆነ በደማቁ ተሰምሮበታል። ለጥገና ክፍል ሲደወል ቀለም ብቻ መናገር ቀርቷል፤ ቦታው፣ የካርዱ ቁጥር፣ ቋሚ ይሁን ብልጭ ድርግም የሚል፣ ከንቁ አላርሞች ዝርዝር የመጀመሪያው መስመር እንዳለ ይነበባል።

ከጥገናው በኋላ ባለው ሙሉ ቀን በሁለቱም ኢዋኖች ላይ የተቆጠረው ስሊፕ 0፣ የቢት ስህተት 0 ነው። በዝርዝሩ ላይ የቀረው አንድ ዋርኒንግ ብቻ ነው፤ ሰው ከለቀቀው ቢሮ የተነቀለ ስልክ። እሱም ቁጥሩ ከአሞላሉ ሲሰረዝ ጠራ።